የማሳ መደብና የመጽሐፍ መደብ

በአማርኛ «መደብ» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው የገበሬ ነው፤ አፈሩ ከፍ ተደርጎ፣ ግራና ቀኙ በቦይ ተከፍሎ፣ ውሃው ወርዶ ዘሩ ሳይታፈን የሚበቅልበት ስፍራ መደብ ይባላል። ሁለተኛው የሊቃውንት ነው፤ ብዙ ነገር በየወገኑ ተለይቶ፣ ይህ ከዚህ ጋር ይቈጠር፣ ያም ከዚያ ጋር ይሁን ተብሎ የሚጻፍበት ክፍል እርሱም መደብ ይባላል። ሁለቱም «መደበ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸውና መመደብ ማለት ለእያንዳንዱ ነገር ቦታውን መስጠት ነው። በእነዋሪ ግን እነዚህ ሁለት መደቦች የቃል ዝምድናቸውን አልፈው በአንድ ምድር ላይ ተገናኝተዋል። ገበሬው በእጁ መደብ የሠራበትን ሜዳ ሊቃውንት በመጽሐፍ መደብ ሲያገቡት የገበሬውን እጅ ይቈጥሩታል ወይስ ይተዉታል? ይህ ጥያቄ የቃል ጨዋታ አይደለም። ምድር በተመደበበት ስም ግብር ይጣልበታል፤ በተመደበበት ስም ይከለላል ወይም ይታረሳል፤ በላዩ የሚኖረውም ሰው በዚያው ስም ይመሰገናል ወይም ይወቀሳል።

እነዋሪ በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የተቀመጠችው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ሰፊ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ የሜዳው ጠርዝ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርድ ጥልቅ ገደል ያልቃል። በሜዳው ላይ የቆመ ሰው ዙሪያውን ማሳ ብቻ ያያል፤ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጓያ። አገሩ በሰንጋውና በክምሩ ስሙ የወጣ ነው። አፈሩ ጥቁር ሆኖ የአገሩ ሰው መረሬ ይለዋል። መረሬ በበጋ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ሲረጥብ ያብጣል፣ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ውሃውንም ወደ ውስጥ አላሳልፍም ብሎ በላዩ ያቁረዋል። እንዲህ ያለ አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን የአፈር ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ከዚህም 7.6 ሚሊዮን የሚሆነው በከፍተኛው አገር ነው። ለምነቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ውሃው ካልወጣለት ዘሩን አፍኖ ይገድላል።

ስለዚህ በብዙው የመረሬ አገር ገበሬው ለክረምቱ ይገብራል። ዝናሙ እስኪያባራ ጠብቆ ጤፉን ዘግይቶ ይዘራል፤ ሽንብራና ጓያ የመሰለውንም በመጨረሻው እርጥበት ላይ ይጥላል። የእነዋሪ ገበሬ ግን ሌላ መንገድ አበጀ። ማሳው በበሬ ከታረሰና ዘሩ ከተበተነ በኋላ ወንድ ሴት፣ ልጅ ዐዋቂ ሳይባል ቤተ ሰቡ ሁሉ ይወጣና አፈሩን በእጁ እያፈሰ ወደ ላይ ይሰበስበዋል። በዚህ ዐይነት ሰፋፊ መደብ ይነሣል፤ በመደቡና በመደቡ መካከልም ቦይ ይቀራል። የክረምቱ ውሃ በቦዩ ይወርዳል፤ ስንዴው በመደቡ ላይ በጊዜው ይበቅላል። በ1986 እ.ኤ.አ. በመረሬ አፈር አያያዝ ላይ የጋራ ምርምር ሲጀመር በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ከብት ልማት ማእከልና የኢትዮጵያ የእርሻ ምርምር ቤቶች ከመረጧቸው ስፍራዎች አንዱ እነዋሪ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን የእጅ ሥራ አይተው፣ ሁለት የአገር ማረሻ አጋጥሞ መደቡን በበሬ ጉልበት የሚያወጣ መሣሪያ እንዲሠራ አደረጉ፤ ዐላማቸውም ቤተ ሰቡ በጭቃ ውስጥ ጐንበስ ብሎ የሚውልበትን ድካም ለማቅለል ነበር።

እንግዲህ የእነዋሪ ሜዳ ምን ዐይነት ምድር ነው? የአፈር መጽሐፍ ቢጠየቅ «ቨርቲሶል» ይላል። ይህ ስም በአሜሪካ የአፈር አከፋፈል በ1960 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፣ መገልበጥ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ አፈሩ እየተሰነጠቀና እያበጠ ራሱን ስለሚገለብጥ ነው። የአፈሩን የራሱን ጠባይ ይናገራል፤ የሚገለብጠውን የሰው እጅ ግን አይናገርም። የዕፀዋት ካርታ ቢጠየቅ ደግሞ «የደረቅ ዘወትር አረንጓዴ የተራራ ደንና የሣር ሜዳ» ይላል። ስንዴ በሞላበት ሜዳ ላይ ደን የሚል ጽሕፈት እንዴት ሊገኝ ቻለ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ የአከፋፈል ታሪክ ነው።

«ምኅዳር» የግዕዝ ቃል ነው፤ ኀደረ ካለው ወጥቶ ማደሪያ ማለት ነው። ፈረንጆችም የዚህን ዕውቀት ስም በ1866 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል ሲያወጣ ቤት ከሚል የግሪክ ቃል ወስዶታል። ቤት ሲባል የሚኖርበትን ይጠራል፤ ያለ ኀዳሪ ምኅዳር አይኖርም። ይሁን እንጂ የምድርን ዕፀዋት ከፋፍለው ስም የሰጡት የ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሊቃውንት አብዛኞቹ ከኀዳሪዎች ሁሉ ሰውን ለይተው ወደ ውጭ አወጡት። አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ክሌመንትስ በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትምህርቱ፣ ማንኛውም ምድር ካልተነካ አየሩ ወደሚፈቅድለት ወደ መጨረሻው የዕፀዋት ሥርዐት ይደርሳል አለ። በዚህ አስተያየት ማረሻና መጥረቢያ ከውጭ የመጡ እንቅፋቶች ናቸው፤ ምድሩም የሚጠራው ሊደርስበት ይገባው በነበረው እንጂ በደረሰበት አይደለም።

ይህን ነገር እንግሊዛዊው አርተር ታንስሊ በ1935 እ.ኤ.አ. ተቃወመ። ዛሬ ሥርዐተ ምኅዳር ለምንለው ነገር የፈረንጅ ስሙን ያወጣውም እርሱ በዚያው ጽሑፉ ነው። ታንስሊ እንዳስረዳው ሰው የነበረውን ሥርዐት የሚያፈርስ ብቻ ሳይሆን አዲስ ሥርዐት የሚያቆምም ነው፤ ስለዚህ ሰው የሠራውን ምኅዳር ከትምህርቱ ውጭ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ቃሉ በዓለም ሁሉ ሲሰራጭ ይህ ክርክሩ ግን ከቃሉ ጋር እኩል አልተጓዘም። በ1956 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ራይንሆልድ ቱክሰን «ሊኖር የሚችል ተፈጥሯዊ ዕፀዋት» የሚል አሳብ አቀረበ፤ ይኸውም ሰው ዛሬ እጁን ቢያነሣ በዚያ ስፍራ ምን ይበቅል ነበር ብሎ መመደብ ነው።

በኢትዮጵያም የተሠሩት ካርታዎች በዚህ መንገድ ዳብረዋል። ጣሊያናዊው ፒኪ ሴርሞሊ በ1957 እ.ኤ.አ. የምሥራቅ አፍሪካን የዕፀዋት ካርታ አወጣ። ፍራንክ ዋይት በ1983 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ስም የአፍሪካን ሁሉ አሳተመ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴንማርካዊው ኢብ ፍሪስ፣ ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ሊቅ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ፓውሎ ፋን ብሬውገል የኢትዮጵያን ሊኖር የሚችል ዕፀዋት በ12 ወገን ከፍለው በአትላስ አወጡ። ይህ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የትኛው አገር በቀል ዛፍ በየትኛው ከፍታና ዝናም ሊቆም እንደሚችል ያስተምራልና። አዘጋጆቹም «ሊኖር የሚችል» ብለው በርእሱ ላይ በግልጥ ጽፈዋል። ችግሩ የሚመጣው አንባቢው ርእሱን ዘልሎ ቀለሙን ብቻ ሲያነብ ነው። ሊኖር ይችል የነበረው እንደ ነበረ ይቈጠራል፤ እንደ ነበረ የተቈጠረውም እንደ ጠፋ ይነገራል፤ ለጠፋው ደግሞ አጥፊ ይፈለግለታል። ያን ጊዜ የእነዋሪ ገበሬ በእጁ መደብ የሠራ ሰው መሆኑ ይቀርና ደን ያጠፋ ሰው ይባላል።

ይህ ከንቱ ስጋት እንዳልሆነ አንድ የታወቀ ነገር ያስረዳል። በኢትዮጵያ በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ከምድሩ 40 በመቶው ደን ነበረ፣ ዛሬ ግን ከጥቂት በመቶ በላይ አልቀረም የሚል አነጋገር በመንግሥት ጽሑፍም በውጭ ሰዎች ጽሑፍም ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ኖሯል። በዚያ ጊዜ ግን የአገሩን ደን በሙሉ የለካ ማንም አልነበረም። አሜሪካዊው የታሪክ ጸሓፊ ጄምስ ማካን የአንኮበርን፣ የጌራንና የአዳን የእርሻ ታሪክ መርምሮ በ1995 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ይህ 40 በመቶ ማስረጃ የሌለው መሆኑን ጻፈ። ደን አልተመነጠረም ማለቱ አይደለም። የከፍተኛው አገር ሰፊ ሜዳ ብዙው ከጥንት ጀምሮ የእርሻና የግጦሽ ምድር እንደ ነበረ፣ የዛፉም መብዛትና ማነስ እንደ ሕዝቡ አሰፋፈርና እንደ መንግሥቱ መቀመጫ ከፍ ዝቅ ሲል እንደ ኖረ ማሳየቱ ነው። አንድ ትልቅ ቊጥር አንድ ረጅም ታሪክን ሸፍኖት ነበር።

የእኛ አባቶች አከፋፈል ከዚህ ይለያል። ቈላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚሉት ስሞች ከፍታን፣ ሙቀትንና ዝናምን ይናገራሉ፤ ነገር ግን ሰውን አላስወጡም። ወይና ደጋ የሚለው ስም ወይን የሚበቅልበት ደጋ ተብሎ ይፈታል። ወይን ደግሞ ሰው ተክሎ የሚያሳድገው ነው እንጂ የዱር ዛፍ አይደለም። ዛሬ በአብዛኛው ወይና ደጋ የወይን ተክል ባይታይም ስሙ የአንድ ዘመን ተካይን እጅ ይዞ ቆይቷል። ስዊሳዊው ሃንስ ሁርኒ ይህን የአገሩን አከፋፈል በሜትር ለክቶ ሲጽፈው ቈላን ከ500 እስከ 1,500፣ ወይና ደጋን እስከ 2,300፣ ደጋን እስከ 3,200፣ ከዚያም በላይ ያለውን ውርጭ ብሎ መድቦታል፤ በየመደቡም የሚዘራውን እህል አብሮ ጽፏል። በዚህ መለኪያ እነዋሪ ደጋ ናት። ጤፍ ግን በሠንጠረዡ የወይና ደጋ እህል ሆኖ ሲጻፍ በእነዋሪና በጅሩ ሜዳ ላይ በሰፊው ይዘራል። ሠንጠረዡ ተሳስቶ አይደለም፤ ገበሬው ዘሩን መርጦ፣ ውሃውን አውጥቶ፣ ጊዜውን ጠብቆ የመደቡን ወሰን ስላሻገረው ነው። በሰው ሥራ የወጣ ስም በሰው ሥራ ይንቀሳቀሳል።

የሰው እጅ በመደብ ስም ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚለወጥና ለውጡም እንዴት እንደሚከብድ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የግብር ታሪክ ነው። መሬት በቀላድ እየተለካ በጋሻ ሲከፈል «ለም» እና «ጠፍ» የሚባል መለያ ነበር። ለም ሰው የሰፈረበትና የታረሰ፣ ጠፍ ደግሞ ባለቤት የሌለው፣ ሰው የለቀቀው ወይም ያልያዘው ነው። ጠፍ የሚለው ቃል ራሱ ከመጥፋት ወገን መሆኑን ልብ ማለት ይበቃል፤ የሚናገረው ስለ አፈሩ ሳይሆን ስለ ሰዉ አለመኖር ነው። በኋላ ግን ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ አፈሩ ተዛወረ። በ1934 ዓ.ም እና በ1937 ዓ.ም በወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ የሚሉት ሦስቱ ስሞች የፍሬያማነት ደረጃ ሆነው ጸደቁ። በ1937ቱ ዐዋጅ በሸዋና ዐዋጁ በጠቀሳቸው ሌሎች አውራጃዎች ከአንድ ጋሻ መሬት ዐሥራትን ጨምሮ ለሙ 50 ብር፣ ለም ጠፉ 40 ብር፣ ጠፉ 15 ብር እንዲከፍል ተወሰነ።

በቅኔ ቤት አንድ ቃል እንደ አገባቡ ፍቺው እንደሚለወጥ ይታወቃል፤ እዚህም የሆነው እንዲሁ ነው። «ሰው አለበት» ይል የነበረው ስም «አፈሩ መልካም ነው» ወደ ማለት ተሻገረ። ጠፍ ምድርን መንጥሮ፣ ድንጋዩን ለቅሞ፣ ውሃውን አውጥቶ ያለማ ገበሬ ምድሩ ወደ ለም ሲዛወር የድካሙ ፍሬ የአፈሩ ጠባይ ሆኖ ይቈጠርና ግብሩ በላዩ ይጨምራል። ሥራው ስሙን ለወጠ፤ ስሙ ሥራውን ሸፈነ፤ ሸክሙ ግን በሠራተኛው ጫንቃ ላይ ዐረፈ። ይህ የግብር አከፋፈል በየካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ከነበረው የመሬት ሥሪት ጋር አብቅቷል፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም።

እስካሁን የተነገረው ሰው ስላረሰው ምድር ነው። ሰው የጠበቀውና የተከለው ግን ከዚህ የባሰ ይሰወራል፤ ምክንያቱም መልካም አድርጎ የጠበቀው ምድር ተመልሶ ያልተነካ ስለሚመስል ነው። በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ያለው የወፍ ዋሻ ደን በሸዋ ከቀሩት የጥድና የወይራ፣ የዝግባና የኮሶ ደኖች አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ደን ደግሞ በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር በንጉሡ ትእዛዝ የተተከለ ነው። ዛሬ በመጽሐፍ የተፈጥሮ ደን ተብሎ ይመደባል፤ ዛፉም አገር በቀል፣ አራዊቱም የዱር ስለሆኑ ስሙ አይነቀፍም። ነገር ግን ትውፊቱ እውነት ከሆነ ያ የተፈጥሮ ደን የሰው ትእዛዝ፣ የሰው ጫንቃና የሰው ጥበቃ ፍሬ ነው።

የመንዝ ጓሳም እንዲሁ ነው። ይህ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኝ የውርጭ ምድር በዕፀዋት ካርታ ከተራራ ጫፍ ምኅዳር ይመደባል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሣሩ እስከ ዛሬ የቆየው ግን ሰው ስላልደረሰበት አይደለም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ቆየ በሚነገር ቄሮ በተባለ ሥርዐት የአካባቢው ባለ ርስቶች ምድሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ በተወሰነ ጊዜም ለአጨዳና ለግጦሽ እየከፈቱ፣ ሕጉን የሚያስከብር ሹም መርጠው ደንቡን የጣሰውን እየቀጡ ስለ ጠበቁት ነው። ከ1967ቱ ዐዋጅ በኋላ ሥርዐቱ ሲፈርስ ምድሩ ተጐዳ፤ በኋላም ሕዝቡ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ እንደገና ይጠብቀው ጀመር። የዕፀዋት ካርታው ሣሩን፣ ከፍታውንና ብርዱን ይጽፋል፤ ሕጉን ግን የሚጽፍበት ቀለም የለውም። ሕጉ በፈረሰ ጊዜ ግን የተጐዳው ሣሩ ነው።

የአብያተ ክርስቲያናት ደንም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ብዙ ሰው የደብር ደን ሲያይ የጥንቱ ደን ቅሬታ ነው ይላል፤ አገር በቀል ዘሮች ተጠብቀው የሚገኙበት ስለ ሆነም ልክ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጐንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምሮ በ2007 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናት የእነዚህን ደኖች ዋጋም ችግርም አሳይቷል፤ ከብት የሚገባባቸው ደኖች ችግኝ እየረገፈባቸው ራሳቸውን መተካት ያቅታቸዋል። ሌሎች ተመራማሪዎችም ጣሊያኖች በ1938 እ.ኤ.አ. ከአየር ያነሡትን ፎቶግራፍ ከ2015ቱ ጋር አስተያይተው፣ ደኖቹ በአብዛኛው ስፋታቸውን እንደ ያዙ፣ በውስጣቸውና በዙሪያቸው ግን ባሕር ዛፍ እንደ ገባ ጽፈዋል። እንግዲህ የደብር ደን የቀረ ብቻ አይደለም፤ የተጠበቀ ነው። በቅጥሩ ውስጥ የሚቀበረው፣ የሚጸልየው፣ በበዓል የሚሰበሰበውና የሚተክለው ሰው ከምኅዳሩ አንዱ ክፍል ነው። ቅሬታ ብቻ ብሎ መመደብ ጠባቂውን ማስረሳት ነው፤ ጠባቂው ሲረሳም አጥሩ ይላላል፣ ከብቱም ይገባል።

ባሕር ዛፍ ራሱ በስሙ ታሪኩን የተሸከመ ዛፍ ነው። አገሩ አውስትራልያ ሲሆን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም ገደማ ከባሕር ማዶ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አድኗል፤ ከዚያም በሸዋ ከተሞችና መንደሮች ዙሪያ ሁሉ ተስፋፍቷል። ይህ የተተከለ ዛፍ ደን ይባላል ወይስ እርሻ? መልሱ በሚጠይቀው ሰው መለኪያ ላይ ያርፋል። መለኪያ ሲለወጥ አገርም እንደሚለወጥ በቅርቡ ታይቷል። ኢትዮጵያ ቀድሞ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትን መለኪያ ይዛ፣ ዛፉ 5 ሜትር የደረሰና ጥላው ከመሬቱ 10 በመቶ የሸፈነ ከሆነ ደን ትል ነበር። በ2007 ዓ.ም ግን ቁመቱ 2 ሜትር፣ ጥላው 20 በመቶ፣ ስፋቱ ግማሽ ሄክታር እንዲሆን ተወሰነ፤ ቀርከሃም ተቈጠረ። በ2010 እ.ኤ.አ. ለድርጅቱ በተላከው መግለጫ የአገሪቱ ደን 11 በመቶ ያህል የነበረው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት በቀረበው ጽሑፍ 15.5 በመቶ ሆነ። ከልዩነቱ አንዱ ክፍል የመለኪያው ለውጥ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ የቈላው ቁጥቋጦ ደን ስሙን እንዲያገኝ ታስቦ የተደረገ ነው። ነገር ግን የአንድ ምድር ስም በጠረጴዛ ዙሪያ በተቀመጡ ሰዎች ውሳኔ ሊለወጥ እንደሚችል አንባቢ ያስተውል።

በዓለም ያሉት ሊቃውንትም ሰውን ወደ ካርታው መመለስ ከጀመሩ ቆይተዋል። በአፈር አከፋፈል በረጅም የሰው ሥራ ጠባዩ የተለወጠ አፈር «አንትሮሶል» ተብሎ የራሱን መደብ አገኘ። በ2008 እ.ኤ.አ. ኤርል ኤሊስና ናቪን ራማንኩቲ በረዶ ካልሸፈነው የምድር ፊት ከሦስት አራተኛው በላይ የሰው እጅ የነካው መሆኑን ጽፈው፣ ዓለምን በመንደር፣ በማሳ፣ በግጦሽና በከተማ ከፋፍለው የሰው ምኅዳር ካርታ አወጡ። ኤሊስና ባልደረቦቹ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከ12,000 ዓመት በፊት እንኳ የምድር ሦስት አራተኛ ገደማ ሰው ይኖርበት እንደ ነበረ አሳዩ። በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር የዓለምን ሥርዐተ ምኅዳር ሁሉ ሲመድብ ለሰው ሥራ ለብቻው ክፍል ሰጠ፤ በውስጡም የዓመት እህል ማሳ፣ የተዘራ ግጦሽ፣ የተተከለ ዛፍ፣ ከተማና ሰው የለወጠው የሣር ምድር ይገኛሉ። ታንስሊ በ1935 የተከራከረለት ነገር ከ85 ዓመት በኋላ የመጽሐፍ መደብ ሆነ።

ሆኖም በዚህ ደስ ብሎን ጥያቄው አለቀ ማለት አይገባም። «የዓመት እህል ማሳ» የሚለው መደብ የእነዋሪን ሜዳ፣ በመኪና የሚታረሰውን የአሜሪካ የስንዴ ሜዳና በፋብሪካ ማዳበሪያ የሚኖረውን የአውሮፓ ማሳ በአንድ ስም ያስገባቸዋል። የፊተኛው አከፋፈል ሰውን ረሳ፤ የኋለኛው ደግሞ ሰውን ሁሉ አንድ አደረገው። በእጅ አፈር እየታፈሰ መደብ የሚሠራበት ማሳና ሰው እግሩን ሳያሳርፍበት የሚታጨድ ማሳ አንድ ምኅዳር አይደሉም፤ ውሃቸው፣ ዘራቸው፣ በዙሪያቸው የሚያድረው ወፍና ነፍሳትም አንድ አይደሉም። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴውንና የገብሱን ዐይነት ብዛት ባየ ጊዜ አገሪቱን ከዓለም የእህል መገኛ ስፍራዎች አንዷ አድርጎ የቈጠራት፣ ማሳው ሁሉ አንድ አለመሆኑን ስላስተዋለ ነው። ያን ሀብት የሠራው ከዘር ዘር እየለየ፣ ለየአፈሩ የሚስማማውን እያስቀረ የኖረው ገበሬ ነው።

ይህ ሁሉ ለእነዋሪ ምን ይጠቅማታል የሚል ቢኖር፣ መልሱ ስም መድኀኒቱን ያመጣል የሚል ነው። አንድ ምድር የጠፋ ደን ተብሎ ከተመደበ የሚታዘዝለት መድኀኒት ችግኝ ነው፤ በመረሬው ማሳ መካከልም ባሕር ዛፍ ይተከልና ቦዩ ሲዘጋ፣ ሥሩም የማሳውን ውሃ ሲሻማ ይገኛል። ምድሩ ማሳ ብቻ ተብሎ ከተመደበ ደግሞ የሚታዘዝለት ምርት ብቻ ነው፤ በገደሉ አፋፍ ያለው ቁጥቋጦ፣ በደብሩ ቅጥር ያለው ዛፍና በእርጥብ ስፍራ ያለው ሣር ከቈጠራ ውጭ ሆነው ይቀራሉ። በእጅ የተሠራ፣ ውሃው በልክ የሚወርድ፣ በዙሪያው ገደልና ደብር ያለው የእርሻ ምኅዳር ነው ተብሎ ከተመደበ ግን፣ መድኀኒቱ ከቦዩ የሚወርደው ውሃ አፈሩን ይዞ ወደ ጀማ እንዳይሄድ መጠበቅ፣ የዘሩን ዐይነት አለማጥፋት፣ አፋፉን በአገር በቀል ዛፍ መሸፈን፣ የቤተ ሰቡንም ድካም ማቅለል ይሆናል። ሦስቱ ስሞች በአንድ ምድር ላይ ሦስት ልዩ ልዩ ሥራ ያዝዛሉ።

ስለዚህ የሚመድብ ሰው ከፍታውንና ዝናሙን ከለካ በኋላ የምድሩን ታሪክ ሊጠይቅ ይገባዋል። ማን መነጠረው፣ ማን ተከለው፣ ማን ዘጋው፣ ማን ውሃውን አወጣለት? የጠፋው ደን እንዳይረሳ መጻፍ ተገቢ ነው፤ የገበሬው መጥረቢያም ያጠፋውን አጥፍቷልና ይህ አይካድም። የተሠራውም መሬት፣ የተጠበቀውም ሣር፣ የተተከለውም ጥድ በዚያው ብዕር ሊጻፍ ይገባል። ሰው የሌለበት መደብ ኀዳሪውን ያሳጣል፤ ሰው ብቻ ያለበት መደብም ማደሪያውን ያሳጣል።

የእነዋሪ ገበሬ መደቡን አንድ ጊዜ ሠርቶ ለዘለዓለም አይተወውም። መረሬው በበጋ ይሰነጠቃል፤ መደቡም ይፈርሳል፤ ቦዩም ይሞላል፤ በሚመጣውም ክረምት እንደገና በእጅ ይሠራል። የመጽሐፉም መደብ እንዲሁ ነው። ምድሩ በሰው እጅ ሲለወጥ ስሙም ተመርምሮ ይታደስ እንጂ፣ ከ50 ወይም ከ100 ዓመት በፊት በተጻፈ ስም የዛሬ ሰው አይፈረድበት።